ቁልፉ በአንገት፣ ነቀዙ በጎተራ

ሰሞኑን በሞዴል መኪና ወዳጆች ዘንድ አንቱ የተባለ አንድ ሰብሳቢ፣ ጆሃን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው የክራይስለር ተርባይን መኪና ኪት፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው የፕላስቲክ ሞዴል ማለት ነው፣ እንደገና ይመረት የሚለውን ተስፋ በሦስት ምክንያት ሲያጣጥል ሰነበተ። አንደኛ፣ ዳግም ምርት የጥንቶቹን ዋጋ ያረክሳል። ሁለተኛ፣ ኪቱን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ከነሴሎፎኑ ጠብቀው ያቆዩትን ሰዎች ውለታ መካድ ነው። ሦስተኛ፣ የዛሬ ወጣት ሙጫና ምላጭ ይዞ የሚቀመጥበት ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ ብርቅ የሆነው ብርቅ ሆኖ ይኑር፤ የፈለገም ገንዘቡን ቆጥሮ ወደ ሰብሳቢዎች ይምጣ ነው ነገሩ ሲጠቀለል።

የመጀመሪያው ምክንያት ቢያንስ ሐቀኛ ነው። ሰው የያዘው ነገር እንዳይረክስበት መስጋቱ ያለ ነው፤ ነጋዴም ይሰጋል፣ ባለ አክሲዮንም ይሰጋል። ሦስተኛው መልስ አያጣም፤ እመለስበታለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ሁለተኛው ነው። ጠብቀን አቆየን! ምኑን ነው የጠበቁት? ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ማን ከፍቶ አየው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወጣ፣ ሴሎፎኑ ያልተነካ አንድ የአሜሪካ ኪት ገዛሁ። ተርባይኑ አልነበረም፤ ለተርባይኑ አቅሜ አይደርስም። ሻጩ እጅ ያልነካው ነው ብሎ ማለልኝ። አልዋሸም፤ እጅ አልነካውም። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ለጥቂት ቀናት ሣጥኑን ብቻ ስመለከት ቆየሁ። ከዚያ አንድ ማታ ሴሎፎኑን በምላጭ ጫፍ ሰነጠቅሁት። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነበር፤ አሮጌ ካርቶን፣ ዘይት ዘይት የሚል ነገር፣ ከሥሩ ደግሞ ጣፋጭ የሚመስል የፕላስቲክ ሽታ። ነጩ ቦዲ እንደ አዲስ ያበራል። ፓራውልቱና ቸርኬዎቹ ክሮማቸው አልደበዘዘም። ደስ አለኝ።

አራቱ ጥቁር ጎማዎች በሣጥኑ አንድ ጥግ ተከማችተው ነበር። ሁለቱ የፊት መስታወቱ ላይ ተኝተዋል። ላነሣቸው ስል መስታወቱ አብሯቸው ተነሣ። በጥፍሬ ቀስ ብዬ ሳላቅቅ አንደኛው እንደ ማስቲካ እየተሳበ ወጣ፤ በሥሩ የጎማው ጥርስ በመስታወቱ ላይ እንደ ማኅተም ታትሞ ቀርቷል፤ ዙሪያው ቀልጦ የረጋ ሻማ ይመስላል። ሦስተኛው ጎማ የኮፈኑን ጠርዝ ግማሽ ክብ አድርጎ በልቶታል። አራተኛው ምንም አልነካም፤ የመመሪያው ወረቀት ላይ አርፎ ቡናማ የዘይት ቀለበት ብቻ ትቶበታል።

ይህ የእኔ ዕድል መጥመም አይደለም። በዚህ ሥራ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል። የዚያ ዘመን ብዙዎቹ ጎማዎች የተሠሩት ለስላሳ ከሆነ ቪኒል ነው። ቪኒል በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ ለስላሳ የሚያደርገው የተጨመረበት ዘይት መሰል ማለስለሻ ነው። ያ ማለስለሻ ደግሞ ባለበት አይቀመጥም። በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ከጎማው ይወጣል፤ የነካው ነገር ፖሊስታይሪን ከሆነ፣ የኪቱ ቦዲና መስታወት የተሠሩበት ፕላስቲክ ማለት ነው፣ ውስጡ ገብቶ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያም ያሟሟዋል። ፀሐይ አያስፈልገውም። አቧራ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው መነካካትና ጊዜ ብቻ ነው፤ ሙቀት ካገኘማ ይፈጥናል። እንግዲህ ጎማና መስታወትን በአንድ ጠባብ ካርቶን ውስጥ አቆራኝቶ፣ በሴሎፎን ጠቅልሎ፣ ስልሳ ዓመት ሳይነኩ ማስቀመጥ ጥበቃ ነው ወይስ ቅጣት?

የተገጣጠመ ሞዴል ላይም ጎማው ቸርኬውን ይበላል የሚል ይኖራል። ይበላል። ግን የገጣጠመው ሰው ያየዋል! መደርደሪያው ላይ ቆሞ መኪናው አንድ ጎኑ ዝቅ ሲል ያስተውላል፤ ጎማውን ያወጣል፣ ቸርኬውን ቀለም ይቀባል፣ ካልሆነም ሌላ ጎማ ይፈልጋል። የታሸገው ሣጥን ባለቤት ግን ማየት አይችልም። ለምን? ሣጥኑ በተከፈተ ቅጽበት ዋጋው ይወድቃላ! ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው፤ ሰብሳቢው ደግሞ ይህን ቋጠሮ እንደ ክብር ኒሻን ደረቱ ላይ ሰክቶ ይዞራል። የያዘው ዕቃ ዋጋ የቆመው ውስጡ ደህና በመሆኑ ላይ ሳይሆን፣ ደህና መሆኑን ማንም ባለማየቱ ላይ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለመኪናው አይደለም፤ ላልተቀደደ ሴሎፎን ነው። ሴሎፎኑ ተጠብቋል፤ እሰየው። በጨለማው ውስጥ አራት ጎማዎች ሥራቸውን እየሠሩ ነው።

አንድ ሰው ጎተራውን ቆልፎ፣ ቁልፉን በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ በየመንደሩ እየዞረ የእህሌን ብዛት ብታዩ እያለ ቢኩራራ፣ ነቀዙ ከውስጥ ዱቄት እስኪያደርገው ድረስ ማንም አይነግረውም። የእኛ ሰብሳቢ ግን ከዚህም ይብሳል። ጎረቤቱ እህል ልዝራ ሲል፣ አትዝራ፣ የእኔ ጎተራ ዋጋ ይወርዳል ብሎ በዝናብ ወር በር ላይ ይቆማል። ይህንንም ነው ውለታ የሚለን።

ጎማው ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ። በውኃ ነክሮ የሚለጠፈው ምልክት ከጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናል፤ ውኃ ውስጥ ሲገባም እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰነጣጠቃል። መስታወቶቹ ይወይባሉ። ስስ ዘንጎች ካርቶኑ በተጫናቸው ቁጥር ይጎብጣሉ። እያንዳንዱ ሳይነካ የሚያልፍ ዓመት ከጥንቱ ኪት ላይ አንድ ነገር ይወስዳል፤ የማይቀንሰው የሚጠየቅበት ገንዘብ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ተርባይኑ ልምጣ። ስለ ሌላ ኪት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይህን ያህል አልቆጣም ነበር። ሰብሳቢው ብርቅ ሆኖ ይኑር ያለው ግን ከመኪና ሁሉ መርጦ ይህን መኪና ነው!

ክራይስለር ተርባይኑን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነበር። መልኩን ያወጣው የኤልዉድ ኤንግል የዲዛይን ክፍል ነው፤ ቦዲውን ጣሊያን ቱሪን የሚገኘው ቦዲ ሠሪ ጊያ በእጅ ሠርቶ በመርከብ ወደ ዲትሮይት ላከው። ሞተሩ እንደ አውሮፕላን ተርባይን ነው፤ ፒስተን የለውም፤ ያለው አንድ ካንዴላ ብቻ ነው። እስከ 44,500 ዙር በደቂቃ ይሽከረከራል፣ ድምፁም መንገድ ላይ የጠፋ አውሮፕላን ያስመስለዋል። ናፍታ ይጠጣል፣ ላምባ ይጠጣል፣ የአውሮፕላን ነዳጅ ይጠጣል፤ ሜክሲኮ ውስጥ ለፕሬዚዳንት አዶልፎ ሎፔዝ ማቴዎስ በተኪላ ተነድቷል። ከእነ ናሙናዎቹ 55 ተሠሩ። ሃምሳዎቹ ለሕዝብ የታሰቡት መኪናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት የነሐስ ቀለም ተቀብተው ለ203 ተራ ቤተሰቦች በየተራ ለሦስት ሦስት ወር ተሰጡ፤ ከተጠቃሚው የሚጠበቀው ነዳጁን መሙላት ነበር። ከ1 ሚሊዮን ማይል በላይ ተነዱ።

ከዚያስ? ተሰበሰቡና ተጨፈለቁ፤ ተቃጠሉም። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ከጣሊያን ለገቡት ቦዲዎች የሚከፈለው ቀረጥ ነበር። ከ55ቱ የቀሩት 9 ናቸው፤ አብዛኞቹ በሙዚየም ገመድ ተከልለው የቆሙ። በነሐስ ቀለም የሚያብረቀርቅ ቦዲ በእሳት ውስጥ ሲጠቁር የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ያየ ሰው አይረሳውም። የታሪክ መኪና ተሠራ፣ ሰው ወደደው፣ ከዚያ ሠሪው ራሱ ብርቅ አደረገው። በጨፍላቂ ማሽን!

ጆሃን ግን ያን መኪና በ1/25 ልኬት አስቀርቶልናል። ሌሎች ኩባንያዎች ሞተር ብለው አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ በሚያጣብቁበት ዘመን፣ የዲትሮይቱ ትንሽ ድርጅት ያንን ማንም የማያውቀውን ሞተር የጭሱን ሙቀት መልሰው ለሞተሩ ከሚሰጡት ሙቀት መላሾቹ ጋር ክፍል በክፍል አወጣው። መኪናውን ነድቶ የማያውቅ፣ ሊነዳውም የማይችል ሰው፣ ሞተሩ እንዴት እንደተቀመጠ በገዛ ጣቱ የሚማርበት መንገድ ይኸው ኪት ነው። እውነተኛው እንደሆነ ሙዚየም ውስጥ ኮፈኑ ተዘግቶ ቆሟል። እንግዲህ ተወዳጁ ሰብሳቢያችን የሚለን፣ 46ቱን መኪናዎች ጨፍላቂው ወሰዳቸው፣ ኪቱን ደግሞ እኔ ልውሰደው ነው።

ብርቅነትን እንደ ማዕረግ ለሚያዩ ሰዎች ደግሞ ያ ብርቅነት ከየት እንደመጣ ላስታውሳቸው። በየዓመቱ የሚወጣውን አዲስ መኪና እየተከተሉ የሚወጡት የአሜሪካ የዓመት ኪቶች፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ኤ.ኤም.ቲ. የተባለው ሞዴል ሠሪ ያስለመዳቸው፣ ተጠብቀው እንዲኖሩ ታስበው የወጡ ዕቃዎች አልነበሩም። የመኪና ሻጮች ለደንበኛ ከሚሰጡት ማስታወቂያ ሞዴል ጋር አንድ ሞልድ የሚጋሩ፣ ከመደብር ገዝቶ ልጅ የሚገጣጥማቸው፣ ሲሰበሩ የሚጣሉ ነበሩ። ሞልድ ስል ቀልጦ የሚገባው ፕላስቲክ መልኩን የሚያገኝበትን የብረት ቅርጽ ማውጫ ማለቴ ነው፤ ውድ ነገር ነው። አዲሱ ዓመት ሲመጣ ኩባንያው ሌላ ሞልድ አይሠራም፤ ያለውን ወስዶ የፊት ግሪሉን ይፍቃል፣ የኋላ መብራቱን ይበይዳል፣ የ1961ዱን መኪና የ1962 ያደርገዋል። በዚያ ሰዓት የ1961ዱ ሞተ። ማንም አላለቀሰም። ዛሬ ሰዎች እንደ ጽላት የሚሸከሙት ብርቅነት የመጣው መፍጫ ከያዘ አንድ ሠራተኛ እጅ ነው፤ ሰውየው ምሳ ሰዓት ደርሶበት ይሆናል የቸኮለው። ይህን ድንገተኛ ነገር ነው እንደ ሠሪዎቹ ኑዛዜ የሚያነቡልን።

ተርባይኑ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ሞዴል አልነበረውም። የ1964ቱን ፍቆ የሚወጣ የ1965 ተርባይን የለም። ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር የሚያመሳስለው የጥፋት ምክንያት እንኳን የለም፤ ከገበያ የራቀው ኩባንያው ስለተዳከመ፣ ሞልዶቹም ከእጅ ወደ እጅ ስለዞሩ ነው። ሞልዱ ጠፍቷል፣ ዝጓል፣ ተሽጧል የሚለውን ወሬ በየዓመቱ እንሰማለን። ስለ ስንቱ ኪት ሰማን? እ.ኤ.አ. በ2018 የሬቬልና የሞኖግራም ሞዴሎች ባለቤት የነበረው ሆቢኮ ከስሮ ንብረቱ ሲሸጥ፣ አሜሪካዊው አትላንቲስ ብዙ የቆዩ ሞልዶችን ገዛ፤ ዳግም አናያቸውም የተባሉ ኪቶችም ተራ በተራ ወደ መደብር ተመለሱ። ቀብር የተነገረለት ሁሉ አልሞተም።

እሺ፣ ይሙት። የተርባይኑ ሞልድ አንድ መጋዘን ጥግ በስብሶ አልቋል እንበል። ከዚያስ ተስፋው ያበቃል? አያበቃም። ራውንድ 2 የተባለው ኩባንያ የኤ.ኤም.ቲ.ንና የሌላውን ሞዴል ሠሪ የኤም.ፒ.ሲ.ን ኪቶች ሲመልስ ሞልዱ በሌለበት ጊዜ ያደረገው ግልጽ ነው። ያልተገጣጠመ የጥንት ኪት ያገኛል፣ ክፍሎቹን በስካነር ያነባል፣ ጉድለቱን በኮምፒውተር ያርማል፣ አዲስ ብረት ይቆርጣል። ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ፖሊስታይሪን ሲቀዘቅዝ ከ1 በመቶ ባነሰ መጠን ስለሚኮማተር፣ ከአሮጌው ክፍል የተወሰደው ልክ ያን ያህል ካልሰፋ አዲሱ ቦዲ ከአሮጌው ያንሳል። ግን የሚታወቅ፣ የተሠራበት፣ ውጤቱ በእጃችን የገባ ሥራ ነው። የክራይስለር ስም ዛሬ በስቴላንቲስ እጅ ስለሆነ ፈቃድ መግዛትም ያስፈልጋል። ይግዙ! ለመቶኛ ጊዜ ለሚታተመው ኮርቬት ፈቃድ ሲገዙ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም።

ልብ በሉ፣ ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ስንት ጥንታዊ ኪት ነው? አንድ። ክፍሎቹ የተሟሉ አንድ ሣጥን። ያ ሣጥን ያለው ደግሞ ማን ጋር ነው? ትንሣኤውን አጥብቆ የሚቃወመው ሰው፣ ለትንሣኤው የሚያስፈልገውን ብቸኛ ነገር መደርደሪያው ላይ ደርድሮ ተቀምጧል፤ ያውም ከአንድ በላይ።

ዋጋ ይረክሳል ለሚለውም ቢሆን ብዙ ማዘን ይከብደኛል። የጃፓኑ ሞዴል ሠሪ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣውን፣ በ1/12 ልኬት የተሠራውን የሆንዳ አርኤ273 የፎርሙላ አንድ መኪና ደጋግሞ ወደ ገበያ መልሶታል። የእንግሊዙ ኤርፊክስም በ1971 ያወጣውን ትልቁን ቤንትሌይ እንዲሁ። የመጀመሪያውን እትም የሚፈልግ ሰብሳቢ አሁንም የመጀመሪያውን እትም ይፈልጋል፤ የሣጥኑ ሥዕል፣ የካርቶኑ ቀለም፣ ጎን ላይ የታተመው ቁጥር የሚለይ ነውና። የረከሰበት ካለ የረከሰበት መኪናውን ሳይሆን የሰውን ማጣት ሲሸጥ የነበረው ነው። ለእሱ የእንባ ጠብታ የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ እቀበላለሁ። ያረጀ ሞልድ ሳይጠገን ከወጣ ክፍሎቹ ዙሪያቸውን ትርፍ ፕላስቲክ እያንጠለጠሉ፣ በሮቹ ሳይገጥሙ ይመጣሉ፤ እንዲህ ያለውን ዳግም ምርት ገዝቼ በሞረድ ስፍቅ ያደርኩበት ሌሊት አለ። መጥፎ ሆኖ ከሚወጣ ጥሩ ሆኖ ዘግይቶ ይውጣ።

ወጣቱ ትዕግሥት የለውም ለተባለው መልሴ አጭር ነው። አንድን የፕላስቲክ መኪና በመቶዎች ዶላር ሰቅሎ፣ መቀስ ያስነካህ እንደሆነ ዋጋው ይጠፋል ብሎ አስፈራርቶ፣ ከዚያ ልጆች ለምን አይገጣጥሙም ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይጠይቃል። ሰብሳቢው ራሱ የመጨረሻውን ሞዴል የገጣጠመው መቼ ነው? ሙጫው የደረቀበትስ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ነው?

እኔ ከሰብሳቢው ጋር በዋጋ አልከራከርም፤ ስካነር ላይ ይዘርጋልን ብዬም አልለምነውም። አንድ ነገር ግን ያድርግልኝ። ከተርባይኖቹ አንዱን፣ ሴሎፎኑ በጣም የሚያብረቀርቀውን ይምረጥ። በጎኑ በኩል በምላጭ አንድ ጣት የምታህል ቀዳዳ ይክፈት፤ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከት። ጎማዎቹ ምን ላይ እንደተኙ አይቶ ይንገረን።